ጭቃው ወደ ስክሪን የመጣበት መንገድ

በአይዋ ግዛት ኖክስቪል በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ኦገስት ውስጥ ባለ የቅዳሜ ምሽት፣ የፍጻሜው ውድድር ሊጀመር ሲል በመጀመሪያ ወደ ሜዳው የሚገቡት ገፊዎቹ ናቸው። ስፕሪንት ካር የሚባለው የውድድር መኪና ሞተሪኖ የለውም። ፍሪሲዮንም ካምቢዮም የለውም። ስለዚህ ፒክአፕ ከኋላው ይጠጋና ይገፋዋል። ሾፌሩ የዘይት ግፊቱ ከፍ እስኪል ጌጁን ያያል፤ ሲደርስለት ማብሪያውን ይጫናል፤ ሞተሩ አንድ ሁለት ጊዜ ተንተክትኮ ይነሳል። አንዱ ሲነሳ ሌላው ይከተላል። ሃያ አራቱም ተነስተው ሲያበቁ አራት አራት ሆነው ጎን ለጎን ይሰለፉና ሕዝቡን ሰላም እያሉ ይዞራሉ። ያን ጊዜ ከመቀመጫው የማይነሳ ሰው አይገኝም።

አረንጓዴው ባንዲራ ከተውለበለበ በኋላ ግማሽ ማይሉን የአፈር መም ለመዞር ከ15 እስከ 18 ሰከንድ ይበቃቸዋል። ወደ ኩርባው የሚገቡት በጎን እየተንሸራተቱ ነው፤ አፍንጫቸው ወደ ውስጥ፣ ጭራቸው ወደ ውጭ ይሆናል። ቀኙ የኋላ ጎማ ከግራው ይተልቃል፤ እሱ እየቆፈረ የሚወረውረው እርጥብ ሸክላ አፈር አጥሩን ያልፋል። አጥሩ ሥር የተቀመጠ ተመልካች ያንን አፈር በልብሱ ይዞ ነው ወደ ቤቱ የሚገባው።

ይህን በካሜራ ይዞ ወደ ሰው ሳሎን ለማስገባት የአሜሪካ ቴሌቪዥን ከስድሳ ዓመት በላይ ሞክሯል (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ስፕሪንት ካር ሰፊ ተመልካች ኖሮት አያውቅም፤ ያሉት ተመልካቾች ግን አጥብቀው ይወዱታል። በሰው ጣቢያ ላይ በጥገኝነት ሲኖር ጣቢያው ባለቤት በለወጠ ቁጥር ሜዳ ላይ ሲቀር ቆይቶ፣ ዛሬ የራሱን ስክሪን ይዟል። ያተረፈውና የከሰረው ምን እንደሆነ ማየት ለእኛም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። እኛም የምንወደው ነገር በትልልቆቹ ጣቢያዎች ሰዓት የማይሰጠው ሰዎች ነን።

የምጽፈው ከፊሊፕስ ነው። ፊሊፕስ ከሚኒያፖሊስ መሀል ከተማ በስተ ደቡብ፣ በአይ-94፣ በአይ-35 ዌስት፣ በሂያዋታ ጎዳናና በሌክ ስትሪት የተከበበ ሰፈር ነው። ፍራንክሊን ጎዳና ላይ አንድ የአውቶቡስ ፌርማታ ሥር ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ ሶማሊኛና ስፓኒሽ ይሰማል። ሌክ ስትሪት ላይ ባለ ግንቡ የሲርስ ሕንፃ ቆሟል፤ በ1928 ተከፍቶ በ1994 የተዘጋው መደብር ዛሬ የገበያ አዳራሽና መኖሪያ ቤት ሆኗል። ሲርስ በጊዜው ሲልቨርቶን በሚል ስም የራሱን ቴሌቪዥን ይሸጥ ነበር። የመኪና ውድድርም ለከተማይቱ ባዕድ አልነበረም። በ1915 ፎርት ስኔሊንግ አጠገብ ሁለት ማይል የሚዞር የኮንክሪት መም ተሠርቶ፣ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር የ500 ማይል ውድድር ተካሂዶበታል። ኧርል ኩፐር የተባለ ሾፌር የቡድን ጓደኛውን ጊል አንደርሰንን በሩብ ሰከንድ ገደማ ቀድሞ አሸነፈ። መሙ ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ። ብዙ ወገኖቻችን በታክሲና በጭነት ሥራ የሚውሉበት አውሮፕላን ማረፊያ ዛሬ የተንጣለለው እዚያው መሬት ላይ ነው።

ከስፕሪንት ካር ጋር ያስተዋወቁኝ የሰፈራችን ሰው ናቸው፤ ስማቸው ይቆየኝ። አገር ቤት ሳሉ መካኒክ ነበሩ፤ እዚህ ከመጡ ወዲህ ከባድ መኪና ይነዳሉ። ፍራንክሊን ላይ ካለ አንድ ካፌ ውስጥ ስልካቸውን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፈው ሲያዩ አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ምን እያዩ ነው?»

«ና ተቀመጥ። ሞተሪኖ የሌለው መኪና አይተህ ታውቃለህ?»

አይዋ ውስጥ ነዳጅ ሊቀዱ በቆሙበት ቦታ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ቴሌቪዥን እንዳዩትና ከዚያ ወዲህ እንዳልለቀቃቸው ነገሩኝ። ስልኩ ትንሽ ነው፤ መኪኖቹ ከጉንዳን አይበልጡም። እኔ ማን እንደሚመራ ለማየት ዓይኔን ሳጨናብስ እሳቸው ጆሯቸውን ነበር የሰጡት።

«ልጄ፣ ምስሉን ለጊዜው ተወው። ነዳጅ የሚሰጥበትንና የሚለቅበትን ስማ። ቀድሞ የሰጠው ነው የሚያልፈው።»

እውነታቸውን ነበር። የቴሌቪዥን ባለሙያዎችም ለዚህ ነው በየኩርባው አጥር ላይ ማይክሮፎን የሚሰቅሉት።

መኪናው ምን እንደሆነ ካልታወቀ የቴሌቪዥኑ ችግር አይገባም። ዋናው የስፕሪንት ካር ክፍል 410 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 6.7 ሊትር ገደማ የሆነ ቪ-8 ሞተር ይጠቀማል። የሚያቃጥለው ሜታኖል ሲሆን ጉልበቱ 900 ፈረስ ይጠጋል። ክብደቱ ሾፌሩን ጨምሮ 640 ኪሎ ገደማ ነው። አዲስ አበባ ከሚርመሰመሱት ቪትዞች ከአንዱ ጋር ብናነጻጽረው፣ አሥር እጥፍ ጉልበት በሁለት ሦስተኛ ክብደት ላይ እንደ መጫን ነው። ከላዩ በየጎኑ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ሰፊ ክንፍ ተገጥሞለታል። ክንፉ አየሩን ተጠቅሞ መኪናውን ወደ መሬት ይጫነዋል፤ ሲገለበጥም ምቱን ቀድሞ ይቀበላል። ስፖንሰሮች ስማቸውን የሚጽፉትም እሱ ላይ ነው።

የፊት መስታወት የለም። ሾፌሩ በሄልሜቱ መከለያ ላይ ስስ ላስቲኮች ደራርቦ ይገባል። ፊት ያለው መኪና ጭቃ ሲረጭበት ቀጥታው ላይ አንድ እጁን ከመሪው አንስቶ የላይኛውን ላስቲክ ይቀድና ይጥላል። ጥቂት ዙር ቆይቶ ደግሞ ይደግመዋል። ካሜራ ግን እንዲህ የሚቀድለት እጅ የለውም። መኪናው ላይ የተገጠመ ካሜራ ከኋላ ሆኖ የሚሮጥ ሾፌር ከያዘ ቶሎ ይታወራል። ውጭ የቆመው ካሜራም ከአቧራ፣ ከመብራት ማነስና ከፍጥነቱ ጋር ይታገላል።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው የሰዓቱ ነገር ነው። አንድ የስፕሪንት ካር ምሽት በሰዓት ሙከራ ይጀመራል፤ ማጣሪያዎቹ ይከተላሉ፤ ያልቀናቸው ደግሞ በመጨረሻ ዕድል ውድድር ይለያሉ። ዋናው ውድድር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሠላሳ ዙር የሆነ ዋና ውድድር ሳይቋረጥ ከሄደ አሥር ደቂቃ እንኳ አይሞላም። በመሀሉ መሙ ሲደርቅ ውኃ ይረጫል፣ በግሬደር ይታረሳል፣ በመኪና ጎማ ይጠቀጠቃል። መኪና ሲገለበጥ ሁሉም ይቆማሉ፤ የቆመውን ሁሉ መልሶ መግፋት ያስፈልጋል። ዝናብ ከጣለ ምሽቱ ይሰረዛል። ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ብሎ ፕሮግራም ያወጣ ጣቢያ ይህን እንዴት ይችለዋል?

መጀመሪያ የተገኘው መልስ መቅረጽና መቁረጥ ነበር። በ1961 ኤፕሪል ኤቢሲ «ዋይድ ወርልድ ኦፍ ስፖርትስ» የተባለውን ፕሮግራም ጀመረ። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ኖክስቪል ናሽናልስ የሚባለውን ታላቁን ዓመታዊ የስፕሪንት ካር ውድድሯን ለመጀመሪያ ጊዜ አዘጋጀች። በሁለተኛው ዓመት፣ በ1962፣ ዋንጫውን የወሰደው ከሴይንት ፖል በስተ ሰሜን ካለችው ከፎረስት ሌክ የሄደው ጄሪ ሪቸርት ነበር። የእኛው ግዛት ሰው አሸነፈ፤ ጎረቤቶቹ ግን ድሉን በቴሌቪዥን አላዩትም። የኤቢሲ ካሜራ የሚሄደው በአብዛኛው ወደ ኢንዲያና ነበር፤ ኢንዲያናፖሊስ 500 ለሚባለው ታላቅ የመኪና ውድድር ሾፌሮች የሚበቅሉት እዚያ ስለሆነ። ኤ.ጄ. ፎይት፣ ፓርኔሊ ጆንስ፣ ማሪዮ አንድሬቲ፣ ሁሉም በስፕሪንት ካር አልፈዋል። ውድድሩ ይቀረጻል፤ ይቆረጣል፤ ሌላ ቀን ከበረዶ ሸርተቴና ከጂምናስቲክ ጋር ተሰናስሎ ይቀርባል። የፕሮግራሙ አቅራቢ ጂም መኬይ ያስተዋውቃል፤ የውድድር ጋዜጣ አዘጋጁ ክሪስ ኢኮኖማኪ በዚያ በሻካራ ድምፁ ከመኪኖቹ መካከል ሆኖ ያስረዳል። ተመልካቹ ዘንድ የሚደርሰው ጥቂት ደቂቃ ነበር።

ያ መንገድ የተበላሸው በካሜራ ምክንያት አልነበረም። በ1960ዎቹ አጋማሽ የኢንዲያናፖሊስ መኪኖች ሞተራቸውን ከሾፌሩ ኋላ አደረጉ፤ በ1965 ጂም ክላርክ በሎተስ ሲያሸንፍ ነገሩ ተለየ። ሞተሩ ከፊቱ ያለው ስፕሪንት ካር ለኢንዲያናፖሊስ ትምህርት ቤት መሆኑ ቀስ በቀስ ቀረ። ቴሌቪዥኑ ደግሞ ሲያየው የኖረው የነገዎቹን የኢንዲያናፖሊስ ጀግኖች ፍለጋ ነበርና ዓይኑን ወደ ሌላ መለሰ። እኔ ይህን የታሪኩ ቁልፍ አድርጌ ነው የምይዘው፤ ትልልቆቹ ጣቢያዎች ስፕሪንት ካርን ለራሱ ሲሉ ያዩበት ዘመን እጅግ አጭር ነው።

በ1978 ቴድ ጆንሰን በየከተማው ተበትነው የሚሮጡትን ምርጥ ሾፌሮች ሰብስቦ «ወርልድ ኦፍ አውትሎስ» የሚባል ተጓዥ ማኅበር አቋቋመ። የመጀመሪያው ውድድር በማርች ወር ቴክሳስ ውስጥ ተደረገ። የዓመቱ አሸናፊ ስቲቭ ኪንዘር ሆነ፤ ይህ ሰው በኋላ ሃያ ጊዜ ሻምፒዮን ለመሆን በቅቷል። ሾፌሮቹ መኪናቸውን በተጎታች ጭነው ከፌብሩዋሪ እስከ ኖቬምበር ከግዛት ግዛት ይዞራሉ፤ ዛሬ በዓመት 80 ገደማ ምሽት ይሮጣሉ። ይህን ኑሮ ለከባድ መኪና አሽከርካሪዎቻችን ማስረዳት አያስፈልግም።

በማግስቱ ዓመት፣ በ1979 ሴፕቴምበር፣ ኢኤስፒኤን ተከፈተ። አዲሱ ጣቢያ ሃያ አራት ሰዓት የሚሞላበት ነገር ይፈልግ ነበር፤ እግር ኳሱንና ቤዝቦሉን የሚገዛበት አቅም ግን ገና አልነበረውም። ርካሽና ደማቅ የሆነ ሁሉ ቦታ አገኘ። በ1980ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የሐሙስና የቅዳሜ ምሽት «ተንደር» ፕሮግራም ትንንሾቹን ሚጅት መኪኖችና ስፕሪንት ካሮችን በቀጥታ ያሳይ ጀመር። ቦብ ጄንኪንስ እየተረከው የአሜሪካ ሰው በሥራ ቀን ማታ ሳሎኑ ተቀምጦ አየ።

ነገር ግን የዚያ ፕሮግራም ዋና ሜዳ ኢንዲያናፖሊስ አጠገብ ያለ የአስፋልት መም ነበር። አስፋልት አቧራ የለውም፣ ውኃ አይጠጣም፣ አይታረስም፤ ውድድሩ በሰዓቱ ተጀምሮ በሰዓቱ ያልቃል። ቴሌቪዥኑ ስፕሪንት ካርን ሲወድ መጀመሪያ ያስወገደው አፈሩን ነበር። ከአፈሩ የተለየ ስፕሪንት ካር ደግሞ ግማሽ ነገር ነው፤ አፈር ላይ መንገዱ በየአምስት ዙሩ ይለወጣል፣ ሾፌሩም እየተከተለ ይለወጣል። አስፋልቱ ላይ ይህ ብልሃት የለም።

የሆነው ሆኖ ያ ፕሮግራም ጄፍ ጎርደንን አወጣ። የጎርደን ቤተሰብ ልጁ በለጋ ዕድሜው ስፕሪንት ካር እንዲነዳ ሲል ከካሊፎርኒያ ተነስቶ ኢንዲያና ገብቶ ነበር። ልጁ በ1990 የሚጅት ሻምፒዮን ሆነ፤ በኢኤስፒኤን መስኮት አገር አወቀው፤ ከዚያ ናስካር ወደሚባለው የመኪና ውድድር ተሻግሮ አራት ጊዜ ዋንጫ ወሰደ። ቶኒ ስቱዋርት ደግሞ በ1995 ዩሳክ የተባለው የውድድር ማኅበር የሚያካሂዳቸውን ሦስቱንም ሻምፒዮናዎች በአንድ ዓመት ጠቅልሎ በዚያው ጎዳና ሄደ። ጣቢያው ኮከቦችን አገኘ፤ ናስካር ሾፌሮችን አገኘ። ስፕሪንት ካር ያፈራቸውን ልጆች በስክሪን እየተመለከተ ሸኘ፤ ፕሮግራሙም በ2000ዎቹ መጀመሪያ ቆመ።

እዚህ ላይ ወደ መንትዮቹ ከተሞች ልመለስ፤ ሲነገር የማልሰማው የታሪኩ ክፍል ያለው እዚህ ነውና። ዩኒቨርሲቲ ጎዳና ላይ፣ በሚኒያፖሊስና በሴይንት ፖል ወሰን ላይ ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ ሆኖ የቆመ ሕንፃ አለ፤ የኬኤስቲፒ ጣቢያ ነው። በ1948 ኤፕሪል 27 ሥርጭት የጀመረ፣ የሚኒሶታ የመጀመሪያው የንግድ ቴሌቪዥን ነው። ባለቤቱ ስታንሊ ኤስ. ሃባርድ በ1984 ኮነስ የተባለ ድርጅት አቋቁሞ በመኪና ላይ የተጫነ ትንሽ የሳተላይት ማሠራጫን ለዜና ሥራ አዋለ። ከዚያ በፊት በሳተላይት በቀጥታ ለማስተላለፍ ግዙፍ ሳህን ያስፈልግ ነበር። ሃባርድ የተጠቀመበት ኬዩ ባንድ የሚባለው ሞገድ አጭር ስለሆነ ሳህኑም ያንሳል፤ ተራ የጭነት መኪና ይሸከመዋል። መኪናው የትኛውም የገጠር መንገድ ዳር ቆሞ ምስል ወደ ሰማይ ይልካል። የተሠራው ለዜና ነው፤ ግን የእርሻ ባዛር ሜዳ ላይ፣ በቆሎ መካከል ለሚካሄድ ውድድር ከዚህ የተሻለ መሣሪያ ምን ይገኛል?

አሥር ዓመት ቆይቶ ሃባርድ ሌላውን ጫፍ ያዘ። በ1994 ዩኤስኤስቢ የተባለው ድርጅቱ ከዳይሬክቲቪ ጋር ጎን ለጎን በ45 ሴንቲ ሜትር ዲሽ የሚታይ ቴሌቪዥን ጀመረ። የኬብል ድርጅቶች ቤት ከቤት በተራራቀበት ገጠር ገመድ መዘርጋት አያዋጣቸውም፤ የስፕሪንት ካር ወዳጅ ደግሞ በብዛት የሚኖረው እዚያው ነው፤ በአይዋ፣ በዳኮታዎቹ፣ በኦሃዮና በፔንስልቫንያ ገጠር። ትንሿ ዲሽ ጣሪያው ላይ ስትወጣ ያ ሰው ቲኤንኤንና በኋላም ስፒድቪዥን የሚባሉትን ጣቢያዎች አገኘ። ዩኤስኤስቢ በ1999 ለዳይሬክቲቪ ተሸጠ።

የዲሽን ነገር ለኢትዮጵያዊ ማብራራት አያሻም። ኢሳት በ2010 ከውጭ አገር ሥርጭት ሲጀምር፣ ኦኤምኤን ደግሞ በ2014 ከዚሁ ከሚኒያፖሊስ ሲከፈት፣ መንገዳቸው ሳተላይት ነበር። ጉዳዩ የተለያየ ነው፤ አንዱ የአገር ፖለቲካ ነው፣ ሌላው ስፖርት። በአንድ ነገር ግን ይገናኛሉ፤ ሰው በዋናው ጣቢያ ያላየውን ጣሪያው ላይ ወጥቶ ሳህን አዙሮ ይፈልገዋል።

ቲኤንኤን መቀመጫው ናሽቪል የሆነ፣ የገጠር ሙዚቃና የገጠር ሕይወት የሚያሳይ ጣቢያ ነበር። በ1990ዎቹ የአውትሎስ ውድድሮችና የኖክስቪል ናሽናልስ በዚህ ጣቢያ ታይተዋል። ለእኔ ያ ዘመን የተሻለው ነው። ጣቢያው ተመልካቹን ያውቃል፤ ከአፈሩ አይሸሽም፤ ሾፌሮቹንም ወደ ሌላ ስፖርት እንደሚያልፉ እንግዶች ሳይሆን በዚሁ ኖረው በዚሁ የሚያረጁ ሰዎች አድርጎ ያቀርባቸው ነበር።

በኬብል ጣቢያዎቹ ይህን ስፖርት ለዓመታት ካስረዱት ድምፆች አንዱ የብራድ ዶቲ ነው። ዶቲ ኦሃዮ የበቀለ የአውትሎስ ሾፌር ነበር። በ1988 ጁላይ ኤልዶራ በሚባለው መም ላይ፣ በኪንግስ ሮያል ውድድር መኪናው ተገልብጦ አከርካሪው ተጎዳ፤ ከዚያ በኋላ መራመድ አልቻለም። በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ ማይክሮፎን ያዘ። እሱ ያየው ምን እንደሆነ መግለጽ እፈልጋለሁ፤ የስፖርቱ ቋንቋ በቴሌቪዥን የተሠራው በእንዲህ ዓይነት ሰው ነውና።

መሙ ሲመሽ ጥቁር ቡናማ ነው፤ እርጥብ ነው፤ ጎማ ይይዛል። በዚያ ሰዓት ሁሉም ሾፌር ነዳጁን እስከ መጨረሻው ይሰጣል፤ ማለፍ ግን ይከብዳል። ውድድሩ እየገፋ ሲሄድ መሀሉ ይደርቅና በመብራቱ ሥር እንደ ተወለወለ ወለል ማብረቅ ይጀምራል። የሚያበራው ቦታ የሚያዳልጥ ቦታ ነው። ከጎማ የተጠረገው ልቅ አፈር ደግሞ ወደ ውጭ ተገፍቶ በአጥሩ በኩል ትንሽ ክምር ይሠራል፤ ኩሽን ይሉታል። ደፋሩ ሾፌር ቀኝ የኋላ ጎማውን እዚያ ክምር ላይ አስደግፎ በውጭ ይዞራል። መንገዱ ይረዝማል፤ ፍጥነቱ ግን አይቀንስም። ክምሩን በግማሽ ሜትር ከሳተው ይገለበጣል። ብልሁ ደግሞ ታች፣ ውስጠኛው ጠርዝ ላይ የቀረችውን ቀጭን እርጥብ መስመር ፈልጎ ነዳጁን እየቆጠበ ይሄዳል። ካሜራው የሚያሳየው ሁለት መኪና ጎን ለጎን መሄዱን ብቻ ነው። አንዱ አፈሩን አንብቦ ሌላው ገና እንዳላነበበ የሚያውቀው እዚያ የነዳ ሰው ነው፤ እሱ ሲናገር ተመልካቹ ያንን የሚያብረቀርቅ ቦታ መፈለግ ይጀምራል። አንዴ ካየኸው ደግሞ ስፖርቱ በሙሉ ይገለጥልሃል።

ቲኤንኤን በ1990ዎቹ መጨረሻ ባለቤት ለወጠ፤ የናሽቪል ስሙንም የገጠር ጠባዩንም ጥሎ በ2003 ስፓይክ ቲቪ ሆነ። በ1995 የመጨረሻ ቀን የተከፈተው ስፒድቪዥን ለመኪና ወዳጅ ሁሉ የተሠራ ጣቢያ ነበር፤ ፎክስ በ2001 ገዛው፤ ስሙም ስፒድ ቻነል ሆነ፤ ናስካርም ዋነኛውን ሰዓት ወሰደ። ስፕሪንት ካር እዚያም የተወሰኑ ምሽቶች አግኝቶ ነበር። በ2013 ኦገስት 17 ስፒድ ራሱ ተዘግቶ ቦታውን ፎክስ ስፖርትስ 1 ያዘ። ከዚያ ወዲህ ማቭቲቪና ሲቢኤስ ስፖርትስ ኔትወርክ ውድድሮችን አሳይተዋል። በየጊዜው ጣቢያ ፍለጋ መዞር ግን አድካሚ ነው፤ ተመልካቹም የት እንደሚያገኘው ሳያውቅ ይቀራል።

አንድ ምሽት ብቻ መላው ዓለም ስፕሪንት ካር አየ፤ ባይታይ በተሻለ ምክንያት። በ2014 ኦገስት 9 ኖክስቪል ላይ የናሽናልስ ፍጻሜ ነበር፤ ዶኒ ሻትዝ አሸነፈ። ሻትዝ የሰሜን ዳኮታ ሰው ነው፤ ናሽናልስን አሥራ አንድ ጊዜ፣ የአውትሎስን ሻምፒዮና አሥር ጊዜ ወስዷል። በዚያው ምሽት ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ካናንዳይጓ በሚባል ትንሽ መም ላይ የሃያ ዓመቱ ኬቨን ዋርድ ጁኒየር ከመኪናው ወርዶ ወደ መሙ ሲገባ በቶኒ ስቱዋርት መኪና ተመትቶ ሞተ። ጉዳዩ ለፍርድ መርማሪ ጉባኤ ቀርቦ ክስ እንዳይመሠረት ተወስኗል። አደጋውን የቀረጸው አንድ ተመልካች ነበር፤ ቪዲዮው በሰዓታት ውስጥ ዓለምን አዳረሰ። ከዚያ በፊት የስፖርቱን ስም ሰምተው የማያውቁ ጣቢያዎች ደጋግመው አሳዩት። የኖክስቪሉን ድል ግን አላሳዩም። ለሃምሳ ዓመት በር ሲያንኳኳ የኖረ ስፖርት የተከፈተለት በአንድ ወጣት ሞት ነበር፤ ይህን ሳስብ ያሳዝነኛል።

ዛሬ በሩን ማንኳኳት ቀርቷል። ወርልድ ኦፍ አውትሎስ ደርትቪዥን በሚባል የራሱ የኢንተርኔት ጣቢያ ውድድሮቹን በቀጥታ ያስተላልፋል። የሰዓት ሙከራው፣ የመጨረሻ ዕድል ውድድሩ፣ የውኃ መርጨቱ ጭምር ይታያል። ከሚኒያፖሊስ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ በሚርቀው በሚኒሶታው የጃክሰን መም ሲሮጡ ጋሼ ፊሊፕስ ተቀምጠው ያዩታል። ሰዓቱ ከአራት ወደ ስድስት ቢዘልቅ የሚቆርጠው የለም፤ ያ የጥንቱ የሰዓት ጣጣ በአንድ ጊዜ ተፈታ። ገንዘቡም ከማስታወቂያ ባለቤት ሳይሆን ከተመልካቹ ኪስ በቀጥታ ይመጣል።

ያ ገንዘብ ስፖርቱን ለሁለት ከፍሎታል። በ2022 ኦገስት ሾፌሮቹ ካይል ላርሰንና ብራድ ስዊት ሃይ ሊሚት የተባለ አዲስ ማኅበር ጀመሩ፤ በ2023 መጨረሻ ከቶኒ ስቱዋርት ኦል ስታር የተባለውን ማኅበር ገዝተው በ2024 አገር አቀፍ ውድድር ሆኑ። የሚታዩት ፍሎሬሲንግ በሚባለው የኢንተርኔት ጣቢያ ነው። አንድ ሰው ምርጦቹን ሾፌሮች ሁሉ ማየት ከፈለገ ለሁለት ጣቢያ መክፈል አለበት። በሌላ በኩል ሾፌሮቹ የሚሽቀዳደሙበት ሽልማት አድጓል፤ ሁለት ማኅበር ለአንድ ሾፌር ሲሻማ ዋጋው ይወጣል።

ኪሳራው ሌላ ቦታ ነው። ጄፍ ጎርደንን ያየው ሰው እሱን ለማየት ብሎ አልከፈለም፤ ጣቢያ ሲለዋውጥ በድንገት አገኘው። ጋሼም ያገኙት ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ቴሌቪዥን ነው። ከፍሎ የሚገባ ሰው ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ነው። የሚኒሶታ ግዛት ባዛር ግራንድስታንድ እስከ 2002 ውድድር ያካሂድ ነበር፤ ልጁን ይዞ ከረሜላ ሊገዛ የመጣ ሰው የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ ይገባ ነበር። እሱም ቀረ፤ በድንገት የሚገኝበት ቴሌቪዥንም ቀረ። አዲስ ሰው በየት በኩል ይግባ?

ይህ ጥያቄ ሩጫችንንም ይመለከታል። በ2019 የዓለም አትሌቲክስ አስተዳዳሪዎች የዳይመንድ ሊግን ሥርጭት በ90 ደቂቃ ለመጠቅለል ሲሉ ከቀጣዩ ዓመት ጀምሮ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለውን ርቀት ከፕሮግራሙ ለማውጣት ወሰኑ። 5,000 ሜትር ረዘመ ተባለ! ለእኛ የመጨረሻው ዙር ጣዕም ያለው ከሱ በፊት በነበሩት አሥራ አንድ ተኩል ዙሮች ውስጥ ማን ማንን እንዳደከመ ስለምናውቅ ነው። ተቃውሞ ተነሳ፤ ርቀቱም ከጊዜ በኋላ ወደ አንዳንድ ከተሞች ተመለሰ። የኖክስቪል ሰው የሚያብረቀርቀውን አፈር ሳያይ የመጨረሻውን ዙር ብቻ ቢያሳዩት የሚሰማው ቁጭት ከኛ ቁጭት አይለይም።

ለስፕሪንት ካር ወዳጅ የራስ ጣቢያው ይህን ቁጭት አስወግዷል። የቀድሞውን ዘመን ማስታወስ ግን አሁንም በተመልካቹ እጅ ነው። የቲኤንኤንና የ«ተንደር» ምሽቶች ዛሬ ኢንተርኔት ላይ የሚገኙት በብዛት የዚያን ጊዜ ወዳጆች ከቴሌቪዥን በቪኤችኤስ ቀድተው ስላስቀመጧቸው ነው፤ ማስታወቂያው ሳይቀር አብሮ ተቀድቷል፣ ጠርዙ ላይ ነጭ መስመር ይዘላል፣ ድምፁ አልፎ አልፎ ይወላገዳል። ጣቢያዎቹ ተሽጠዋል፣ ስማቸው ተለውጧል፣ ተዘግተዋል፤ ምድር ቤት ውስጥ በካርቶን የተቀመጠው ካሴት ግን ተርፏል። ኖክስቪል ውስጥ፣ ከመሙ አጠገብ፣ በ1992 የተከፈተ የስፕሪንት ካር ቤተ መዘክር አለ፤ መኪኖቹ፣ ሄልሜቶቹና ዋንጫዎቹ እዚያ ይጠበቃሉ። ካሴት ግን እንደ ብረት አይቆይም፤ የሚቀዳበት የማግኔት ሽፋን በእርጥበትና በዕድሜ ይበላሻል፤ ማጫወቻውም እየጠፋ ነው። በፊሊፕስ ቤቶችም የሠርግ፣ የጥምቀትና የሽኝት ካሴት ያልተገለበጠ ሞልቷል። ጋሼ ባለፈው ከአንድ የአይዋ ገበሬ ጋር በስልክ ተነጋግረው የ1990ዎቹን ናሽናልስ ካሴቶች እንደሚገለብጥላቸው ነገሩኝ። የሚሠራ ማጫወቻ የያዙት እሳቸው ናቸው፤ በሚቀጥለው ጭነታቸው ይዘውለት ይሄዳሉ።